የጆሮ ማዳመጫ አባት ናትናኤል ባልድዊን

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወጣው መንገድ በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ዙሪያውን ቢመለከት፥ ከወጣቶቹ ተሳፋሪዎች መካከል ጆሮውን በማዳመጫ ያልደፈነ ማግኘት ያስቸግረዋል። አንዱ ትዝታ ይሰማል፤ ሌላው ለፈተና የሚዘጋጅበትን ትምህርት ይደግማል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይከፍት፥ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ወሬ ለመሸሽ ብቻ አጥልቆታል። ስለ ዕቃው የሚነሣውም ክርክር ብዙ ነው። ይህኛው ድምፁ ግሩም ነው፥ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ ያሳምማል ይባላል። ያኛው ደግሞ ጆሮ ላይ መኖሩ አይታወቅም፥ ድምፁ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ነው ተብሎ ይነቀፋል። የወር ደመወዙን ግማሽ አውጥቶ የገዛም አለ፤ ከገበያ ላይ በርካሽ ያነሣም አለ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ያመሰግናሉ።

ይህ የድምፅና የምቾት ክርክር ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ዕቃውን በማድ ቤቱ ውስጥ የሠራ አንድ ሰው ነበረ፤ በሁለቱም ጥያቄ ላይ ተፈትኖ በሁለቱም አልፏል። አንባቢዎቻችን የዚህን ሰው ታሪክ እንዲያውቁት በማሰብ ዛሬ ስለ አሜሪካዊው መሐንዲስ ስለ ናትናኤል ባልድዊን እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባልድዊን የተወለደው በታኅሣሥ ወር 1878 ዓ.ም. በዩታ ግዛት ፊልሞር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዩታ ከባሕር የራቀ፥ ተራራው በረዶ የሚለብስ፥ ሜዳው ደረቅ የሆነ አገር ነው። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ የሚኖረው ከተራራ የሚወርደውን ውሃ በቦይ እየመራ በማረስ ነበር። ከቦረናና ከተንታ ደጋ የወጣ ሰው ቢያየው ቅዝቃዜውና ገደሉ እንግዳ አይሆኑበትም እንላለን። ልጁ በአገሩ በነበሩት ትምህርት ቤቶች ከተማረ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንቶ ተመረቀ። ለዚያ ዘመን የገጠር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዩታን የቆረቈሩት ሞርሞን የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ቀድሞ ለወንድ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን ትፈቅድ ነበር፤ በ1890 ግን ይህን ልማድ በይፋ አቆመች። ባልድዊን በቤተ ክርስቲያኗ ኮሌጅ የፊዚክስና የሃይማኖት ትምህርት አስተማሪ ሆኖ ሲሠራ፥ የቀድሞው ሥርዐት መቅረት አልነበረበትም ከሚሉት ወገን ሆነ። በዚህም ምክንያት ከአስተማሪነቱ ተሰናበተ። ስለ እምነቱ ትክክለኛነት ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን ይህ አሳብ በሕይወቱ ሙሉ ተከትሎታል፤ ሀብቱንም ያሳጣው በኋላ ይኸው ስለሆነ አንባቢ ከወዲሁ ልብ ቢለው መልካም ነው።

ከማስተማር ሥራው ከወጣ በኋላ በሶልት ሌክ ሲቲ አጠገብ ሚል ክሪክ በሚባለው ሸለቆ፥ በውሃ ኀይል ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ጣቢያ ተቀጠረ። ሥራው ማሽኑን መጠበቅ ነበር። ተርባይኑ በደኅና ከዞረ ጠባቂው የሚሠራው ብዙ የለውም። ባልድዊን ይህን ባዶ ሰዓት ለአንድ ቆየት ላለ አሳቡ አዋለው።

አሳቡ የመጣለት በጸሎት ቤት ውስጥ ነው። የሞርሞኖች ትልቁ አዳራሽ በ1867 በሶልት ሌክ ሲቲ የተከፈተ፥ ጣራው እንደ ተገለበጠ ጀልባ የጎበጠ፥ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ የሚይዝ ነው። አዳራሹ በድምፅ አስተላላፊነቱ በዓለም የታወቀ ነው፤ እስከ ዛሬም አስጎብኚዎች በአንደኛው ጫፍ መርፌ ጥለው በሌላው ጫፍ ለቆሙት እንግዶች ያሰማሉ። ባዶ አዳራሽና ሰው የሞላበት አዳራሽ ግን አንድ አይደሉም። ልብስ ድምፅ ይውጣል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሽማግሌ ያስላል። ባልድዊን ራቅ ብሎ ተቀምጦ የሰባኪው ቃል አልሰማ አለው። በእኛም አገር በንግሥ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የቆመ ምእመን የሰባኪውን የእጅ እንቅስቃሴ እያየ፥ ቃሉን ግን ከፊቱ ከቆመው ሰው ጠይቆ የሚረዳበት ጊዜ ድምፅ ማጉያ ሳይመጣ በፊት የተለመደ ነበር። ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ባልድዊን ድምፁን እንዴት ላጉላው ብሎ አሰበ።

መጀመሪያ የሞከረው በታመቀ አየር ድምፅን ማጉላት ነበር። ለዚህም ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ድምፅ የሚለውጥ፥ ከቴሌፎን ጆሮ የበለጠ ንቁ የሆነ ዕቃ አስፈለገው። ይህን ዕቃ ሲፈልግ ሳለ ዋናው አሳብ ወደ ኋላ ቀረና ረዳቱ ዕቃ ዋና ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን የሥራውን ብልኀት ማስረዳት ይገባናል፤ ቴክኒክ የማይወድ አንባቢ አንድ አንቀጽ ዘልሎ ሊያልፍ ይችላል። በዚያን ጊዜ የነበረው የቴሌፎን ጆሮ ከስሱ ብረት የተሠራ ክብ ቅጠል፥ ከቅጠሉም በስተጀርባ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነበረው። ማግኔቱ ቅጠሉን ዘወትር ወደ ራሱ ይስባል። በሽቦው የሚመጣው ምልክት ይህን ስበት ጥቂት ሲጨምረውና ሲቀንሰው ቅጠሉ ይርገበገባል፤ ድምፅም ይሆናል። ችግሩ ይህ ነው፦ ቅጠሉ ቢሳሳ ማግኔቱ ጎትቶ ያጣብቀዋል፤ ቢወፍር ደግሞ ለደካማ ምልክት አይታዘዝም። ባልድዊን ሁለቱን ሥራ ለያያቸው። አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ በሽቦው ጥቅል ውስጥ፥ በማግኔት ጫፎች መካከል አንጠለጠለ። ከዚህም ከዚያም የሚስባት ኀይል እኩል ስለሆነ ምላሷ እንደ ወርቅ ሚዛን መካከል ላይ ተደላድላ ትቆማለች። ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሚዛኗ ይዛባል፤ ትወዛወዛለች። ከጫፏም ቀጭን ዘንግ ወጥቶ እንቅስቃሴዋን ማይካ ከሚባለው ቀላል ማዕድን ወደ ተሠራ ቅጠል ያደርሳል። ማይካ በማግኔት አይሳብም፤ ስለዚህ ቀላልና ስስ ቢሆን የሚያጣብቀው የለም። ለአንድ ማዳመጫ የሚጠቀለለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ አንድ ማይል የሚያህል ርዝመት ነበረው ይባላል።

ዕቃውን ለተለያዩ ሰዎች ቢያሳይም ገዢ አላገኘም። በመጨረሻ በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኀይል ደብዳቤ ጻፈና ከሠራቸው ማዳመጫዎች ናሙና ላከ። ደብዳቤው ሰማያዊና ሮዝ በሆነ ወረቀት ላይ በወይን ጠጅ ቀለም የተጻፈ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ አንባቢ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከጠረጴዛው ላይ ቢያገኝ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። የባሕር ኀይሉ የራዲዮ ክፍል ኀላፊ አርተር ሄፕበርን ግን የወረቀቱን ቀለም ትቶ ዕቃውን መፈተን መረጠ። ይህ መኰንን በኋላ አድሚራል ሆኖ ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካን መርከቦች ሁሉ በጠቅላላ አዛዥነት የመራ ሰው ነው።

ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በ1910 በመርከብ ራዲዮ ውስጥ ምልክትን የሚያጎላ ዕቃ ገና አልነበረም። ከሩቅ መርከብ የሚመጣው የሞርስ ምልክት በአንቴናው በኩል ገብቶ፥ ምንም ሳይጨመርበት፥ በማዳመጫው በኩል ወደ ሠራተኛው ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ የማዳመጫው ንቃት የጣቢያው ኀይል ነበረ ማለት ነው። በአንደኛው ማዳመጫ የማይሰማ መርከብ በሌላው ይሰማል፤ ሊሰጥም የተቃረበ መርከብ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የብዙ ሰው ሕይወት ነው። የባልድዊን ማዳመጫ ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋር ሲፈተን እጅግ በልጦ ተገኘ። ባሕር ኀይሉም ወዲያው አዘዘ።

ያን ጊዜ እውነቱ ወጣ። ባልድዊን ፋብሪካ አልነበረውም። ማዳመጫዎቹን የሚሠራው በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ስለነበረ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ መቀበል እንደማይችል አስታወቀ። በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የባሕር ኀይል፥ ድስትና መጥበሻ ከተሰቀለበት ክፍል የሚወጣለትን ዕቃ ተራ እየጠበቀ ተቀበለ።

ባሕር ኀይሉ በድምፁ ቢረካም በአንድ ነገር ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ ይኸውም ማዳመጫውን ከራስ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ይህ ለላይኛው ዘመን ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ የቴሌፎን ማዕከሎች ሠራተኞች ማዳመጫና መናገሪያ አንድ ላይ የያዘ፥ በትከሻ ላይ የሚጫንና ብዙ ፓውንድ የሚመዝን ቀንበር ይሸከሙ ነበር። በለንደን ደግሞ የቲያትር ሙዚቃ በቴሌፎን ሽቦ ወደ ቤታቸው የሚመጣላቸው ሀብታሞች ማዳመጫውን ከአገጫቸው በታች በእጃቸው ይዘው ይሰሙ ነበር። የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ግን በእጁ መልእክት ይጽፋል፤ ተራው እስኪያልቅ ለሰዓታት አይነሣም። በ1912 ታይታኒክ ከሰጠመች በኋላ የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመንገደኛ መርከቦች ራዲዮ ሌሊትና ቀን ሰው እንዲያዳምጥበት ሲያዝ ደግሞ፥ የሚጠቀጥቅ ማዳመጫ የሕግ ማስፈጸም ችግር ሆነ። ራሱን የሚያመው ሠራተኛ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ያወርዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምንም ዓይነት ንቁ ማዳመጫ አይጠቅምም።

ባልድዊን ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በቆዳ የተሸፈኑ ሁለት የሽቦ ዘንጎች ነው። ዘንጎቹ በሁለቱም ጫፍ እንደ ማጠፊያ ይዞራሉ፤ ስለዚህ አንደኛው ወደ ፊት፥ ሌላው ወደ ኋላ ተከፍቶ ክብደቱ በራስ ቅል ላይ ይከፋፈላል። ጆሮ ላይ የሚያርፈውም ክፍል እንደ ሰውየው ጆሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ለጆሮው ትራስ አላደረገለትም፤ ጠንካራው ክዳን በቀጥታ ጆሮ ላይ ይቀመጣል። ቢሆንም ከነበረው ጋር ሲወዳደር ትልቅ እፎይታ ነበረ። ሄፕበርን ይህን የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግብበት ብሎ ቢመክረው ባልድዊን ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ሁለት ዘንግ ምን ፈጠራ ነው ብሎ አለፈው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የተሠራው ራስ ላይ የሚጠለቅ ማዳመጫ ሁሉ ክብደትን የማከፋፈልንና እንደ ራስ የመስተካከልን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ለዚያ የቆዳ ዘንግ በየዕቃው ጥቂት ሳንቲም ቢከፈለው ኖሮ የኋለኛ ዘመኑ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ተወዳዳሪዎች አልጠፉም። በእንግሊዝ አገር ሲድኒ ብራውን የተባለው መሐንዲስ ከአሉሚኒየም በተሠራ ሾጣጣ ቅጠል የሚሠራ፥ በስተጀርባው ባለች ብሎን የሚስተካከል ማዳመጫ አወጣ፤ ይህም በንቃቱ ከባልድዊን ጋር የሚፎካከር ነበር። ብልኀቱ ብሎኗ ነች፤ ጉድለቱም ብሎኗ ነች። አጥብቆ ያስጠጋት ሰው ደካማውን ምልክት ይሰማል፤ አብዝቶ ያስጠጋት ደግሞ ያጣብቃታል። በኒው ዮርክ የብራንድስ ኩባንያ በበኩሉ የሁለቱ ጆሮ ድምፅ ተመሳሳይ እንዲሆን ጥንድ ጥንድ እየመረጠ ይሸጥ ነበር፤ የብረት ቅጠል ያለው የቆየው ዓይነት ቢሆንም ስምምነቱ ተወዳጅ አድርጎታል። እንግዲህ በ1920ዎቹ ዓመታት አንድ አድማጭ ዛሬ በሱቅ ደጃፍ የምንሰማውን ክርክር ያደርግ ነበር ማለት ነው፦ ንቃት ይሻላል፥ ስምምነት ይሻላል፥ ወይስ ምቾት?

ስለ ማወዳደር ከተነሣ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ሁለት ማዳመጫ በአንድ ጊዜ የሚፈትን ወጣት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ድምፁ የሚጮኸውን ነው። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይቀበላልና። ስለዚህ የሁለቱን ጩኸት መጀመሪያ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎም በሚገባ የሚያውቁትን ዜማ ማሰማት ነው። ለወሎ ልጅ ከአምባሰል የበለጠ መፈተኛ አናውቅም፤ የኩታበር ጎረቤት የሆነው ተራራማ አገር ስሙን የሰጠው ቅኝት ነው። ዋሽንቱ ሲነፋ የትንፋሹ ነፋስ ከዜማው ተለይቶ ይሰማል ወይ? የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ይሻክራል ወይስ ይለሰልሳል? ከዚያም በገና ማሰማት ነው። በገና ዝቅተኛ ድምፁንና የጅማቱን ንዝረት አንድ ላይ ስለሚያወጣ፥ ዝቅተኛውን ድምፅ የማያወጣ ማዳመጫ ንዝረቱን ብቻ ያስቀራል። ምቾት ግን በሱቅ አይፈተንም፤ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ መነጽር የሚያደርግና ሻሽ የምታስር ሰው ደግሞ ከነመነጽሩ፥ ከነሻሿ ይፈትኑት።

የባልድዊን ማዳመጫ በዚህ ፈተና ቢቀርብ በገናውን አይችለውም ነበር። የተሠራው ለሞርስ ምልክትና ለሰው ንግግር ነውና መካከለኛውን ድምፅ ያወጣል፤ ዝቅተኛውን ይጥላል። ለሙዚቃ የሚሆን ሌላ ዓይነት ማዳመጫ የመጣው የጀርመኑ ባየር በ1937 የሽቦ ጥቅሉ ራሱ ከቅጠሉ ጋር የሚንቀሳቀስበትን ሞዴል ሲያወጣ ነው። በ1958 አሜሪካዊው ጆን ኮስ ለሁለቱ ጆሮ የተለያየ ድምፅ የሚያሰማውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በ2015 ደግሞ የጀርመኑ ዜንሃይዘር በእብነ በረድ ሳጥን ላይ የሚቀመጥ፥ ዋጋው 50,000 ዩሮ የሚያህል ማዳመጫ አስተዋወቀ፤ በዚህ ዋጋ ምን ይገዛ እንደነበረ አንባቢ ራሱ ያስላ። ይሁን እንጂ የባልድዊን አሳብ አልሞተም። ሚዛኗን ጠብቃ የምትቆመው የብረት ምላስ እጅግ ተነሥታ በመስማት መርጃ መሣሪያዎች ውስጥ ገባች፤ የሙዚቃ ባለሙያዎች ጆሯቸው ውስጥ በሚከቱት ውድ ማዳመጫ ውስጥም አምስትና ስድስት ሆና ትገኛለች። ያለ ባትሪ፥ በተናጋሪው ድምፅ ኀይል ብቻ የሚሠራው የጦር መርከብ ቴሌፎንም የተመሠረተው በዚሁ ዓይነት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የባሕር ኀይሉ ትእዛዝ በዛ። ባልድዊን ከማድ ቤት ወጥቶ በሚል ክሪክ ፋብሪካ ሠራ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ትእዛዙ ይቀራል ሲባል፥ በ1920 ለሕዝብ የሚናገሩ የራዲዮ ጣቢያዎች ተጀመሩና ዕድሉ ጭራሽ ሰፋ። ተራው ሰው በቤቱ የሚሠራው በክሪስታል የሚሰማ ራዲዮ ያለ ማዳመጫ አይሰማምና እያንዳንዱ ቤት ገዢ ሆነ። በ1922 ፋብሪካው 150 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ገቢውም በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በአገራችን በ1935 የራዲዮ ሥርጭት ሲጀመር ይህ የማዳመጫ ዘመን በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ አልፎ በድምፅ ማጉያ ተተክቶ ነበር።

ባልድዊን በሀብቱ አልተንደላቀቀበትም። የቀድሞውን የጋብቻ ሥርዐት በመደገፋቸው ከሥራና ከማኅበራቸው የተባረሩትን ሰዎች ሰብስቦ በፋብሪካው ቀጠረ፤ ለእምነታቸውም መስፋፋት ገንዘብ ሰጠ። እርሱ ራሱ ስለዚህ አሳብ ከሥራው የተሰናበተ ሰው ስለሆነ ለተሰናበቱት ማዘኑን ልንረዳው እንችላለን። ሰብአዊ ሥራም ነው። ነገር ግን ጥቂቶቹን ከኩባንያው አመራር ላይ አስቀመጣቸው። ሰው በእምነቱ ስለ ጸና ብቻ ሒሳብ ያውቃል ማለት አይደለም። ገንዘቡ ከፋብሪካው ጋር ግንኙነት በሌለው ሥራ ላይ ፈሰሰ፤ ተፎካካሪዎቹም በዋጋ እየበረቱ ሄዱ። በ1924 ኩባንያው ከሰረ።

ከኪሳራው በኋላ ሥራውን እንደገና ለማቋቋም አክሲዮን መሸጥ ተጀመረ፤ ይህም የባሰ መከራ አመጣ። በ1930 በፖስታ በኩል ሕዝብን አታልሏል ተብሎ ተከሰሰና ተፈረደበት። በዋሽንግተን ግዛት በማክኒል ደሴት በነበረው የፌዴራል ወኅኒ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ። በምልክት አነፍናፊነቱ መርከቦችን ያገለገለው ሰው ባሕር በከበባት ደሴት ላይ እስረኛ ሆነ። ሲፈታ የፈጠራ መብቶቹ ከእጁ ወጥተው ነበር፤ ከሚሸጠው ዕቃ የሚደርሰው ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብድር እየጠየቀ አዳዲስ አሳቦቹን ለመሥራት ቢሞክርም አልተቃናለትም።

ናትናኤል ባልድዊን በ1961 መጀመሪያ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1953፥ በ82 ዓመቱ በድኽነት ሞተ። የፋብሪካው ሕንጻ ግን ዛሬም በሚል ክሪክ ቆሞአል፤ ሠዓሊዎችና የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ክፍሎቹን ተከፋፍለው ሲሠሩበት ቆይተዋል።